የዕረፍት ጉዞና የስደተኛ የጉዞ ሰነድ፦ ከመውጣታችን በፊት መመለሻችንን እናስብ



የትምህርት ቤት ዕረፍት በቀረበ ቁጥር በመምህራን ክፍልም ሆነ በተማሪዎች ዘንድ ተመሳሳይ ጥያቄዎች ይሰማሉ። «እህቴ ካምፓላ ናት፤ በዕረፍቱ ሄጄ ልጠይቃት እችላለሁ ወይ?» «ወንድሜ ከጀርመን ለዕረፍት አዲስ አበባ ይመጣል፤ እዚያ እንገናኝ አለኝ፤ ምን ችግር አለው?» «ውጭ አገር ለሁለት ሳምንት ሥልጠና ተጠርቻለሁ፤ ፓስፖርት ግን የለኝም፤ ታዲያ ምን ይሻላል?» ጥያቄዎቹ ቀላል ይመስላሉ። መልሳቸው ግን የአንድን ሰው የወደፊት ሕይወት ሊወስን ስለሚችል፣ በዚህ እትም ጉዳዩን ሰፋ አድርገን ለማስረዳት ሞክረናል።

የምንናገረው በተለይ በኬንያ ካምፖች፣ ማለትም በካኩማ፣ በካሎቤዬና በዳዳብ ላለነው ነው። ዓለም አቀፉ ሕግ ግን ስምምነቱን በፈረሙ ሌሎች የቀጣናው አገሮች ላሉትም ያው ነው። ዓመተ ምሕረቶቹ፣ ሌላ ካላልን በስተቀር፣ በፈረንጆች አቆጣጠር ናቸው። በሪሴትልመንት ለዘለቄታው ወደ ሦስተኛ አገር የሚሄዱ ሰዎች ጉዳይ የተለየ ስለሆነ አልገባንበትም። እዚህ የምናወራው ሄዶ ስለሚመለስ ሰው ነው።

አንድ ነገር ከመጀመሪያው ልብ እንድትሉልን እንፈልጋለን። ፓስፖርት ያለው ሰው ለዕረፍት ሲነሳ የሚያስበው ስለ መሄዱ ነው፤ አገሩ መልሳ እንደምትቀበለው አይጠራጠርም። ስደተኛ ግን አስቀድሞ ማሰብ ያለበት ስለ መመለሱ ነው። ጥገኝነት የሰጠችው አገር መልሳ ካልተቀበለችው መሄጃ የለውም። ስለዚህ ከዚህ በታች ስለ ሰነድ፣ ስለ ቪዛና ስለ ጉምሩክ የምንለው ሁሉ የሚያርፈው በአንድ ጥያቄ ላይ ነው፦ «ይህን ባደርግ እመለሳለሁ ወይ?»

ድንበር የሚያሻግረው ወረቀት የትኛው ነው?

በእጃችን ብዙ ዓይነት ወረቀት አለ። የራሽን ካርድ አለ፤ የምዝገባ ወረቀት አለ፤ ማንዴት አለ፤ የስደተኛ መታወቂያ፣ ብዙዎቻችን «ኤሊያን ካርድ» የምንለው፣ አለ። ከካምፕ ወጥተን ናይሮቢ ለመድረስ ደግሞ ሙቭመንት ፓስ እንጠይቃለን። እነዚህ ሁሉ የየራሳቸው ጥቅም አላቸው፤ ነገር ግን አንዳቸውም ድንበር አያሻግሩም። ሙቭመንት ፓስ የሚሠራው በኬንያ ውስጥ ብቻ ሲሆን፣ በላዩ ላይ ከተጻፈው ቦታና ቀን አያልፍም።

እዚህ ላይ ብዙ ወጣቶችን የሚያሳስት ነገር አለ። ከ2014 ጀምሮ የኬንያ፣ የኡጋንዳና የሩዋንዳ ዜጎች በብሔራዊ መታወቂያቸው ብቻ ከአንዱ አገር ወደ ሌላው መሻገር ይችላሉ። ኬንያዊ ጓደኞቻችን በቡሲያ ወይም በማላባ በኩል መታወቂያቸውን አሳይተው ሲያልፉ እናያለን። «እኔስ መታወቂያ አለኝ አይደል?» የሚል አይጠፋም። ያ መብት ግን የዜጎች ነው። የስደተኛ መታወቂያ ያዢው ኬንያ ውስጥ በሕጋዊ መንገድ ያለ ስደተኛ መሆኑን ይገልጻል እንጂ ለድንበር መሻገሪያ የተሰጠ አይደለም።

ለስደተኛ የሚሰጠው የድንበር ሰነድ አንድ ነው፤ እሱም የኮንቬንሽን የጉዞ ሰነድ፣ በተለምዶ ሲቲዲ የሚባለው ነው። መልኩ እንደ ፓስፖርት ደብተር ሆኖ፣ በሽፋኑ ላይ የጁላይ 28 ቀን 1951 ስምምነት ይጠቀሳል።

ሰነዱ ከየት መጣ?

ታሪኩን ማወቅ ሰነዱን ለመረዳት ይጠቅማል። ከአንደኛው የዓለም ጦርነትና ከሩሲያ አብዮት በኋላ እጅግ ብዙ ሩሲያውያን ያለ አገርና ያለ ፓስፖርት በአውሮፓ ተበትነው ነበር። በ1922 የዓለም መንግሥታት ማኅበር የስደተኞች ከፍተኛ ኮሚሽነር የነበረው ኖርዌያዊው ፍሪድትዮፍ ናንሰን መንግሥታትን ሰብስቦ ለእነዚህ ሰዎች አንድ የመታወቂያና የጉዞ ወረቀት እንዲሰጥ አስማማ። ይህ ማኅበር አፄ ኃይለ ሥላሴ በ1936 ጄኔቫ ላይ አቤቱታቸውን ያሰሙበት ያው ማኅበር ነው። ወረቀቱም «የናንሰን ፓስፖርት» ተባለ። በ1924 አርመናውያን ስደተኞችም እንዲያገኙት ተደረገ። የሙዚቃ ደራሲው ኢጎር ስትራቪንስኪና ሠዓሊው ማርክ ሻጋል ይህን ሰነድ ይዘው ከተጓዙት መካከል ናቸው።

የናንሰን ወረቀት ግን አንድ ትልቅ ጉድለት ነበረበት። መውጫ እንጂ መመለሻ አልነበረውም። የሰጠው አገር ያዢውን መልሶ የመቀበል ግዴታ አልነበረበትም። ውጤቱ ምን ሆነ? ሌሎች አገሮች ቪዛ ለመስጠት ፈሩ። «ይህ ሰው ከገባ በኋላ ወዴት እንመልሰዋለን?» አሉ። በ1926 በተደረገ ሌላ ስምምነት የመመለሻ ቪዛ በሰነዱ ላይ እንዲሰጥ ሐሳብ ቀረበ። በ1951 የወጣው የስደተኞች ስምምነት ደግሞ ነገሩን አጠንክሮ ያዘው። የስምምነቱ አንቀጽ 28 አገሮች በግዛታቸው በሕጋዊ መንገድ ለሚኖሩ ስደተኞች የጉዞ ሰነድ እንዲሰጡ ያዛል፤ ይህን ማስቀረት የሚቻለው ከብሔራዊ ደኅንነት ወይም ከሕዝብ ሰላም ጋር የተያያዘ አስገዳጅ ምክንያት ሲኖር ነው። የስምምነቱ አባሪ 13ኛ አንቀጽ ደግሞ ሰነዱን የሰጠ አገር፣ ሰነዱ የሚያገለግልበት ጊዜ እስካላለፈ ድረስ፣ ያዢውን በማናቸውም ጊዜ መልሶ እንዲቀበል ያስገድዳል።

በአፍሪካም እንደዚሁ ነው። መስከረም ወር 1969 አዲስ አበባ ላይ የተፈረመው የአፍሪካ አንድነት ድርጅት የስደተኞች ስምምነት በ6ኛው አንቀጹ አባል አገሮች የጉዞ ሰነድ እንዲሰጡ ይጠይቃል። ኬንያ የ1951ዱን ስምምነት የተቀበለችው በ1966 ነው። አሁን የምትሠራበት የስደተኞች ሕግ በ2021 ወጥቶ በ2022 ሥራ ላይ የዋለው ነው።

ሰነዱን እንዴት እናንብብ?

ሰነዱ በእጃችሁ ሲገባ ተደስታችሁ ኪስ አትክተቱት፤ ገጽ በገጽ አንብቡት። በተለይ የሚከተሉትን ተመልከቱ።

1ኛ. የሚያበቃበት ቀን። በ1951ዱ አባሪ መሠረት ሰነዱ የሚያገለግለው ለአንድ ወይም ለሁለት ዓመት ነበር፤ ዛሬ አንዳንድ አገሮች ከዚያ የረዘመ ይሰጣሉ። ብዙ ኤምባሲዎችና አየር መንገዶች ሰነዱ ከጉዞው በኋላ ቢያንስ የስድስት ወር ዕድሜ እንዲቀረው ይጠይቃሉ።

2ኛ. የመመለሻ ቀን። ይህ ከሚያበቃበት ቀን የተለየ ሊሆን ይችላል። ሕጉ በልዩ ሁኔታ የመመለሻውን ጊዜ ማሳጠር ስለሚፈቅድ (ከሦስት ወር ግን ማነስ የለበትም) ሰነዱ ገና የሚሠራ ሆኖ ሳለ የመመለሻው ቀን ያለፈበት ሰው ሊኖር ይችላል። ሁለቱን ቀኖች በማስታወሻ ደብተራችሁ ጻፉ፤ የጉዞ ዕቅዳችሁንም ቀድሞ በሚያበቃው ላይ መሥርቱ።

3ኛ. የሚያገለግልባቸው አገሮች። አብዛኛውን ጊዜ ሰነዱ ስደተኛው ከሸሸበት አገር በስተቀር ለሌሎች ሁሉ ያገለግላል። የተከለከለ አገር ተጽፎ ከሆነ እወቁት።

4ኛ. በማሽን የሚነበብ መሆኑ። የዓለም አቀፉ የሲቪል አቪዬሽን ድርጅት በእጅ የተጻፉና ማሽን የማያነባቸው ፓስፖርቶች ከኖቬምበር 24 ቀን 2015 በኋላ ከአገልግሎት እንዲወጡ ወስኗል። በቤተሰብ እጅ የቆየ የድሮ ዓይነት ሰነድ ካለ ለጉዞ አትተማመኑበት። ለልጆችም ቢሆን ዛሬ አሠራሩ ለአንድ ሰው አንድ ሰነድ ነው። ልጅ ከአንድ ወላጅ ጋር ብቻ ወይም ከዘመድ ጋር ከሄደ ደግሞ የሌላኛው ወላጅ የፈቃድ ደብዳቤ ይያዝ።

ሰነዱ የማያደርገውንም እንወቅ። ዜግነት አይሰጥም። የኬንያ ሲቲዲ የያዘ ሰው ኬንያዊ አይደለም፤ ውጭ አገር ችግር ቢደርስበት የኬንያ ኤምባሲ እንደ ዜጋው እንዲቆምለት የሚያደርግ መብትም አያገኝበትም። ስለዚህ ከመነሳታችሁ በፊት በምትሄዱበት አገር የሚገኘውን የዩኤንኤችሲአር ጽሕፈት ቤት አድራሻ ያዙ። የሰነዱን ዋና ገጾች ፎቶ ኮፒ አድርጋችሁ አንዱን ለቤተሰብ ተዉ፣ ሌላውን ከሰነዱ በተለየ ቦታ ያዙ። ሰነዱ ቢጠፋ ወዲያውኑ ለፖሊስ አመልክታችሁ የማመልከቻውን ወረቀት ተቀበሉ።

ማመልከቻው፦ ስምና የልደት ቀን

በኬንያ ማመልከቻው የሚጀምረው በመንግሥት የስደተኞች አገልግሎት መሥሪያ ቤት በኩል ሲሆን፣ ሰነዱን የሚያወጣው ኢሚግሬሽን ነው። አመልካቹ የስደተኝነት ዕውቅና ያገኘ መሆን አለበት። ጉዳዩ ገና ያላለቀለት ጥገኝነት ጠያቂ በአንቀጽ 28 ግዴታ ውስጥ አይካተትም። የጉዞውን ምክንያት የሚያሳይ ደብዳቤ፣ ለምሳሌ የትምህርት ቤት ጥሪ፣ የስብሰባ ግብዣ ወይም የዘመድ መጥሪያ፣ ከእጃችሁ አይጥፋ። ጉዳዩ በአንድ ሳምንት አያልቅም። የዕረፍት ጊዜው ሲደርስ ሳይሆን ወራት ቀደም ብላችሁ ጀምሩ። ትኬት ደግሞ ሰነዱና ቪዛው በእጅ ሳይገባ አይቆረጥም።

አባሪው የሰነዱ ዋጋ ለአገሩ ዜጎች ፓስፖርት ከሚከፈለው ዝቅተኛ ተመን እንዳይበልጥ ይደነግጋል። ስለዚህ «በዚህን ያህል ዶላር ሲቲዲ አወጣልሃለሁ» የሚል ደላላ ቢመጣ አትስሙት። የመንግሥት ክፍያ በደረሰኝ ይከፈላል። የዩኤንኤችሲአር አገልግሎት ሁሉ ደግሞ በነጻ ነው። በሐሰት ሰነድ የተያዘ ሰው ገንዘቡን ብቻ አይደለም የሚያጣው፤ ይከሰሳል፣ የመመለሻ በሩም ይጠባል።

አሁን ወደ መምህራን እንምጣ። ብዙ ጉዳይ የሚጓተተው በስምና በልደት ቀን ምክንያት ነው። እኛ የቤተሰብ ስም የሚባል የለንም፤ የራስ ስም፣ የአባት ስምና የአያት ስም ነው ያለን። አንዱ ወረቀት ሦስቱንም ይጽፋል፤ ሌላው ሁለቱን ብቻ። በላቲን ፊደል ሲጻፍ ደግሞ «ጸሐይ» የሚለው ስም በአንዱ ሰርተፊኬት ላይ በ«ቲ» ይጀምራል፣ በሌላው በ«ኤስ»። ለእኛ ያው ስም ነው፤ ለኮምፒዩተር ግን ሁለት ሰው ነው።

የቀን ጉዳይ ከዚህ የባሰ ነው። አንድ ተማሪ ጥር 10 ቀን 2001 ዓ.ም. በእኛ አቆጣጠር ተወለደ እንበል። መምህሩ በሰርተፊኬቱ ላይ «10/5/2001» ብሎ ይጽፋል፤ ጥር አምስተኛው ወር ነውና። ይህን የሚያነብ የውጭ ሰው «ሜይ 10 ቀን 2001» ብሎ ይረዳዋል። ትክክለኛው ቀን ግን ጃንዋሪ 18 ቀን 2009 ነው። ልጁ በወረቀት ላይ ወደ ስምንት ዓመት ገደማ ጨመረ ማለት ነው። የዕድሜ ገደብ ያለበት የትምህርት ዕድል ቢመጣ ይቀርበታል፤ የስደተኛ መታወቂያውና ሰርተፊኬቱ ሲነጻጸሩም «የትኛው እውነት ነው?» የሚል ጥርጣሬ ይነሳል።

ስለዚህ መምህራን፣ የተማሪውን ስም በላቲን ፊደል ስትጽፉ በስደተኛ መዝገቡ ላይ ያለውን ፊደል በፊደል ተከተሉ። ቀን ስትጽፉ የወሩን ስም በፊደል ጻፉ፤ የትኛው አቆጣጠር እንደሆነም አመልክቱ። በመዝገቡ ላይ ያለው ራሱ ስሕተት ከሆነ ደግሞ እርማት የሚጠየቀው አሁን ነው፣ ጉዞ ሲመጣ አይደለም።

ቪዛና መሸጋገሪያ

ሲቲዲ ቪዛ አይደለም። ስምምነቱን የፈረሙ አገሮች ሰነዱን ይቀበላሉ፤ ያዢውን ማስገባት አለማስገባት ግን የየራሳቸው ውሳኔ ነው። የአገሩ ፓስፖርት ላለው ሰው ቪዛ የማይጠየቅበት ቦታ ለሲቲዲ ያዥ ሊጠየቅ ይችላል። በመሆኑም ኤምባሲውን ስትጠይቁ «ከኬንያ ነኝ» አትበሉ፤ «ኬንያ የሰጠችው የ1951 የጉዞ ሰነድ ያለኝ ስደተኛ ነኝ» በሉ። መልሱ የተለየ ሊሆን ይችላልና።

አንዳንድ አገሮች ጭራሽ የስምምነቱ አባል አይደሉም። ሳዑዲ ዓረቢያ፣ የተባበሩት ዓረብ ኤምሬትስና ኳታር የ1951ዱን ስምምነት አልፈረሙም። ዘመዶቻችን በብዛት የሚሠሩባቸው አገሮች ስለሆኑ «ዱባይ ሄጄ እህቴን ልይ» የሚል ብዙ ነው። ከዚህም በላይ ከናይሮቢ ወደ አውሮፓ የሚሄዱ ብዙ በረራዎች በዱባይ ወይም በዶሃ ያልፋሉ። አውሮፕላን ለመቀየር ብቻ ቢሆንም ሰነዱ ተቀባይነት እንዳለው ከአየር መንገዱ አስቀድማችሁ አረጋግጡ።

ለኢትዮጵያውያን ደግሞ ሌላ ጥንቃቄ አለ። ከናይሮቢ የሚነሳ ርካሽ ትኬት ብዙ ጊዜ በአዲስ አበባ በኩል የሚያልፍ ነው። ከኢትዮጵያ የሸሸ ሰው ትኬት ሲቆርጥ ዋጋውን ብቻ ሳይሆን መሸጋገሪያውንም ይጠይቅ። በረራ ቢዘገይ ወይም ቢሰረዝ ሌሊቱን የሚያድሩት እዚያው ነው።

«አዲስ አበባ እንገናኝ»

ይህ ከጥያቄዎቹ ሁሉ ከባዱ ነው። ሠርግ አለ፣ ለቅሶ አለ፣ የታመመች እናት አለች። ሞያሌም ሩቅ አይደለም። የሰው ልብ ወደ አገሩ ቢሳብ ማን ይፈርዳል? ነገር ግን ሕጉ ምን እንደሚል አውቆ መወሰን ይገባል።

የ1951ዱ ስምምነት በ1ኛው አንቀጹ ክፍል ሐ ላይ የስደተኝነት ዕውቅና የሚያበቃባቸውን ሁኔታዎች ይዘረዝራል። የመጀመሪያው ሰው በገዛ ፈቃዱ እንደገና በአገሩ መንግሥት ጥበቃ ሥር ሲገባ ነው። የዩኤንኤችሲአር መመሪያ መጽሐፍ፣ በ1979 መጀመሪያ የወጣው፣ ይህን ሲያብራራ ሦስት ነገሮች መሟላት እንዳለባቸው ይናገራል፦ ድርጊቱ በፈቃድ የተደረገ መሆኑ፣ ሰውየው የአገሩን ጥበቃ ለማግኘት ማሰቡ፣ ጥበቃውንም በእርግጥ ማግኘቱ። ኤምባሲ ሄዶ የአገሩን ፓስፖርት ጠይቆ የተቀበለ ሰው፣ ሌላ ማስረጃ ካላቀረበ በስተቀር፣ ጥበቃውን እንደፈለገ ይገመታል።

ስለ ጉብኝትም መጽሐፉ ልዩነት ያደርጋል። ያረጀ ወይም የታመመ ወላጅን ለመጠየቅ መሄድና ለዕረፍት ወይም ለንግድ ደጋግሞ መመላለስ በአንድ ዓይን አይታዩም። ይህ ማለት አንድ ጊዜ የሄደ ሁሉ ዕውቅናውን በቀጥታ ያጣል ማለት አይደለም፤ እያንዳንዱ ጉዳይ በየራሱ ይታያል። «ለዕረፍት ነው የሄድኩት» የሚለው መልስ ግን ከሁሉ የደከመው መልስ ነው። ለመሸሽ ምክንያት የሆነውን ፍርሃት ራሱ ያፈርሰዋልና። በሽታ ወይም ሐዘን ሲያጋጥም ሳትነሱ በፊት በካምፑ ያለውን የሕግ አማካሪ አነጋግሩ። በጫካ መንገድ ሾልኮ ሄዶ ሾልኮ መመለስ ደግሞ ሰነድም ምስክርም የሌለው ስለሆነ ከሁሉ የከፋ ነው።

ታዲያ ከውጭ የሚመጣ ዘመድ የት ይገኝ? እሱ ወደ ኬንያ ቢመጣ ይሻላል። የእሱም ሰነድ የስደተኛ ሰነድ ከሆነ ያው ጥንቃቄ ለእሱም ይሠራል። ለምሳሌ አሜሪካ ለስደተኞች የምትሰጠው የጉዞ ሰነድ የሚያገለግለው ለአንድ ዓመት ብቻ ነው፤ ውጭ እያለ እንዳያልፍበት ይጠንቀቅ።

ጉምሩክ፦ የያዝነው ዕቃ

ብዙ ሰው ጉምሩክ የነጋዴ ጉዳይ ይመስለዋል። ጉምሩክ ግን እያንዳንዱን መንገደኛ ይመለከታል። በብዙ ኤርፖርቶች ሁለት መውጫ አለ። አረንጓዴው «የማስመዘግበው ዕቃ የለኝም» ማለት ሲሆን፣ ቀዩ «አለኝ» ማለት ነው። በአረንጓዴው መሄድ ራሱ እንደ መፈረም ይቆጠራል። ካጠራጠራችሁ በቀዩ ሂዱና ጠይቁ። መጠየቅ አያስቀጣም፤ መደበቅ ነው የሚያስቀጣው።

ገንዘብ። 10,000 የአሜሪካ ዶላር ወይም ተመጣጣኙን ይዞ ወደ ኬንያ የሚገባ ወይም የሚወጣ ሰው ማስመዝገብ አለበት። በአውሮፓ ኅብረት ወሰኑ 10,000 ዩሮ ነው። እኛ ይህን ያህል ከየት እናመጣለን ትሉ ይሆናል። ነገር ግን የማኅበር ወይም የዕቁብ ገንዘብ በአደራ የሚይዝ ሰው አለና ይወቀው።

ጫት። ኬንያ ውስጥ ሚራ በየመንገዱ ይሸጣል፤ ስለዚህ ብዙ ሰው ወንጀል አይመስለውም። ታንዛኒያ ግን ትከለክለዋለች። ኔዘርላንድስ በ2013፣ እንግሊዝ በ2014 ከልክለዋል። በአሜሪካ፣ በካናዳና በሳዑዲ ዓረቢያም ክልክል ነው። የደረቀውም ቢሆን ያው ነው።

የአደራ ዕቃ። ጉዞ እንዳለህ ሲሰማ «ይህችን ለእህቴ አድርስልኝ» የሚል ብዙ ነው። አደራ መቀበል ባህላችን ነው፤ እምቢ ማለት ይከብዳል። የጉምሩክ ሠራተኛ ግን «ሻንጣውን ራስህ ነህ ወይ የከተትከው?» ብሎ ሲጠይቅ፣ በውስጡ ለተገኘው ሁሉ ተጠያቂው የሻንጣው ባለቤት ነው። የዕፅ ወንጀል ደግሞ የእስር ዓመት ብቻ አይደለም፤ የመመለሻውንም ነገር ያበላሻል። ስለዚህ ፈትታችሁ ሳታዩት ምንም አትቀበሉ። የተሰፋና የታሸገ ከሆነ «ወንድሜ፣ በዓይኔ ሳላየው አልይዝም» ማለት ነውር አይደለም።

ምግብ። በርበሬ፣ ሽሮና የተቆላ ቡና ብዙ ቦታ ችግር የለባቸውም፤ ሆኖም በየአገሩ ጠይቁ፣ ሲጠየቅም አስመዝግቡ። ሥጋና የወተት ተዋጽኦ ግን የተለየ ነው። የአውሮፓ ኅብረት አገሮች ከእኛ አካባቢ የሚመጣ ሥጋና የወተት ውጤት መንገደኛ እንዲያስገባ አይፈቅዱም። ስለዚህ ቋንጣና የአገር ቅቤ ለአክስታችሁ ልጅ መልካም ስጦታ ቢሆኑም እዚያው ኤርፖርት ይቀራሉ።

ፕላስቲክ ከረጢት። ሩዋንዳ በ2008፣ ኬንያ በኦገስት 2017፣ ታንዛኒያ በጁን 2019 ፌስታል ከልክለዋል። ሕጉ መንገደኞችንም ይመለከታል። ዕቃችሁን በጨርቅ ከረጢት ያዙ።

ጌጣጌጥ። የዝሆን ጥርስ አምባር፣ የነብር ቆዳ፣ የባሕር ኤሊ ቅርፊት በዱር እንስሳት ሕግ የተጠበቁ ናቸው። ከአያት የተወረሰ ቢሆንም ሻንጣ ውስጥ አይግባ።

መድኃኒትና ፈሳሽ። መድኃኒት ከነማሸጊያውና ከሐኪም ወረቀቱ ጋር ይያዝ። በአውሮፕላን ውስጥ በእጅ ሻንጣ የሚያዝ ፈሳሽ በብዙ ኤርፖርቶች በአንድ ዕቃ ከ100 ሚሊ ሊትር መብለጥ የለበትም።

የቢጫ ወባ ካርድ። ይህ የጤና ጉዳይ ቢሆንም በድንበር ላይ ይጠየቃል፤ ለምሳሌ ኡጋንዳ ስትገቡ፣ ከኡጋንዳም ወደ ኬንያ ስትመለሱ። ክትባቱ ከጉዞው ቢያንስ 10 ቀን ቀደም ብሎ መወሰድ አለበት። ከጁላይ 2016 ጀምሮ ካርዱ ለዕድሜ ልክ ያገለግላል፤ ስለዚህ አትጣሉት።

በክፍል ውስጥ የሚሠራ

መምህራን ይህን ጽሑፍ ለእንግሊዝኛ ወይም ለሕይወት ክህሎት ትምህርት ልትጠቀሙበት ትችላላችሁ። የመግቢያ ፎርም በሰሌዳ ላይ ሣሉና ተማሪዎች በየደብተራቸው ይሙሉት። ስም የሚለው ላይ በስደተኛ መታወቂያቸው ላይ እንዳለው በትክክል ይጻፉ። የልደት ቀናቸውን ከእኛ አቆጣጠር ወደ ፈረንጆቹ ይመልሱ። ዜግነት የሚለው ጋ ሲደርሱ ውይይት ይከፈት። የሲቲዲ ያዥ «ኬንያዊ» ብሎ መጻፍ እንደሌለበት፣ በሰነዱ ላይ ያለውን እንደሚገለብጥና ሰነዱን የሰጠው አገር በሌላ መስመር እንደሚጠየቅ አስረዱ። ከዚያ አንዱ ተማሪ መንገደኛ፣ ሌላው የጉምሩክ ሠራተኛ ሆነው ይጠያየቁ። «ሻንጣህን ማን ከተተው?» የሚለው ጥያቄ አይቅር። ተማሪው በክፍል ውስጥ ሳቅ በሳቅ ሆኖ የመለሰውን ነገ በኤርፖርት ሳይደነግጥ ይመልሰዋል።

ብዙዎቻችን በመጪው ዕረፍት የትም አንሄድ ይሆናል። ሆኖም ዛሬ በሰርተፊኬት ላይ የምንጽፈው ስምና ቀን፣ ዛሬ የምናሳርመው መዝገብ፣ ዕድሉ የመጣ ቀን መንገዱን ይከፍታል ወይም ይዘጋል። ስለዚህ የምትሄዱ ሰነዳችሁን አንብባችሁ፣ ሻንጣችሁን በገዛ እጃችሁ አስራችሁ ሂዱ። የማትሄዱ ደግሞ በዚህ ዕረፍት ወረቀቶቻችሁን አውጥታችሁ ስማችሁ በሁሉም ላይ አንድ ዓይነት መሆኑን እዩ።

መልካም ዕረፍት! ለምትሄዱም በሰላም ሄዳችሁ በሰላም ተመለሱ።